ተጫዋች ወደ ውጭ አገር ሲሻገር መዝገቡ በማን እጅ ይገኛል?

ማናቸውም ነጋዴ እንደሚያውቀው፥ ዕቃ ከአገር የሚወጣው በመልካምነቱ ብቻ አይደለም። ቡናው የቱንም ያህል የጣፈጠ ቢሆን፥ የበቀለበት ስፍራ፥ ክብደቱና የባለቤቱ ስም በሰነድ ካልተረጋገጠ ገበያ አይደርስም፤ ቢደርስም ትርፉ ለሌላ ሰው ይሆናል። የኢትዮጵያ መንግሥት የሲዳሞን፥ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በአሜሪካ ያደረገው ክርክርና እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የደረሰበት ስምምነት ይህንኑ አስተምሯል። ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ በእግር ኳስ ሜዳም ይገኛል፤ የንግዱ ማኅበረሰብ ግን እስከ ዛሬ በቂ ሐሳብ አልሰጠበትም።

እርግጥ ነው፥ ሰው ዕቃ አይደለም። ኳስ ተጫዋች ሲዛወር የሚሸጠውና የሚገዛው ሰውየው ሳይሆን የሥራ ውሉ ነው። ውል ባለበት ስፍራ ሁሉ ግን መብት አለ፤ መብት ያለበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ ማስረጃ ይፈለጋል።

ለምሳሌ የፍቅሩ ተፈራን የሥራ ዘመን መመልከት ይበቃል። ፍቅሩ ለአዳማ ከተማና ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከተጫወተ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግሮ ለኦርላንዶ ፓይሬትስና ለሱፐርስፖርት ዩናይትድ ተሰለፈ፤ በቼክ ሪፐብሊክም ለምላዳ ቦሌስላቭ ተጫወተ። ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. የሕንድ ሱፐር ሊግ የተባለው አዲስ ውድድር በካልካታ ከተማ ሲከፈት፥ ለአትሌቲኮ ደ ኮልካታ ተሰልፎ በሙምባይ ሲቲ ላይ ያስቆጠራት ግብ የውድድሩ የመጀመሪያዋ ግብ ሆና ተመዘገበች። ጨዋታው 3 ለ 0 ተፈጸመ፤ ቡድኑም የዚያን ዓመት ዋንጫ ወሰደ። በማግሥቱ ዓመት ፍቅሩ ወደ ቼናይን ቡድን ተዛወረ። አንድ ኢትዮጵያዊ በሦስት ክፍለ ዓለማት ያገኘው ይህ እንጀራ የዕድል ስጦታ ብቻ ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ውል ተጽፏል፥ ፊርማ ተፈርሟል፥ ከፌዴሬሽን ወደ ፌዴሬሽንም የዝውውር ማረጋገጫ ተልኳል።

በዚህ መንገድ የሄደው ፍቅሩ ብቻ አይደለም። ሳላዲን ሰይድ በግብፅ፥ በቤልጅግና በአልጄሪያ ተጫውቷል፤ ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ተነሥቶ በደቡብ አፍሪካ ለቢድቬስት ዊትስ፥ ሽመልስ በቀለ በግብፅ ለፔትሮጀት ተሰልፈዋል። አቡበከር ናስርም በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦችን ካስቆጠረ በኋላ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻግሯል። የእነዚህ ሰዎች ስም በጋዜጣ የሚወጣው ከትልልቆቹ ቡድኖች ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ ማንም ተጫዋች ሥራውን ከትልቅ ቡድን አይጀምርም፤ መጀመሪያ ኳስን የለመደበት የሠፈር ሜዳ፥ ጫማ የገዛለት ሰው፥ ከትምህርት ቤት መልስ ያሠለጠነው መምህር ነበረው።

ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ለእነዚህ ባለውለታዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ሕግ ደንግጓል። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር በዋጋ ሲዛወር፥ ከዋጋው 5 በመቶ ተቀንሶ ከ12 ዓመት እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ ላሠለጠኑት ቡድኖች ይከፋፈላል። ድርሻውም ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ጊዜ በየዓመቱ ከመቶ 0.25፥ ከ16 እስከ 23 ዓመት ላለው ጊዜ ደግሞ በየዓመቱ ከመቶ 0.5 ነው። ለምሳሌ አንድ ልጅ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ በአንድ የከተማ ቡድን ሠልጥኖ፥ ኋላ በ200,000 ዶላር ቢዛወር፥ ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት 2,000፥ ለቀሩት ሁለት ዓመታት 2,000፥ በጠቅላላው 4,000 ዶላር ለዚያ ቡድን ይገባል። ተጫዋቹ በዚሁ ዓይነት በዋጋ በተዛወረ ቁጥርም ድርሻው እንደገና ይታሰባል። ይህ ገንዘብ ለትልቅ ኩባንያ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ በተዋሰው ሜዳ ለሚለማመድ ቡድን ግን የዓመት ኳስ፥ ጫማና መለያ ነው።

ይህ ሕግ ምን ያህል እንደዘገየ ለማወቅ የካሪቢያን ደሴቶችን መመልከት ይጠቅማል። የቶቤጎው ተወላጅ ድዋይት ዮርክ በ1989 እ.ኤ.አ. አስቶን ቪላ ወደ ደሴቶቹ ባደረገው ጉዞ ታይቶ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በ1998 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲዛወር የተከፈለበት ዋጋ 12 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ያህል ነበር፤ በማግሥቱም ዓመት ቡድኑ ሦስቱን ታላላቅ ዋንጫዎች በአንድ የውድድር ዘመን ወሰደ። ደንቡ ገና ስላልወጣ ግን ከዚያ ሁሉ ገንዘብ በዚህ ሕግ ለትንሿ ደሴት ሜዳ የሚገባ ድርሻ አልነበረም። ዛሬ ሕጉ አለ። የቀረው የትንንሽ ከተሞች መዝገብ ነው።

መዝገብ አለመጠበቅ ምን እንደሚያስከፍል ኢትዮጵያ በራሷ ላይ አይታለች። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊው ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር። ዳሩ ግን በሁለት የማስጠንቀቂያ ካርድ ምክንያት መታገድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ በመገኘቱ፥ ፊፋ ጨዋታውን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ፈረደ፤ በላብ የተገኘውም ሦስት ነጥብ ተወሰደ። ቡድኑ የምድቡ አንደኛ መሆኑ የተረጋገጠው ጳጉሜን 2 ቀን ማዕከላዊ አፍሪካን ካሸነፈ በኋላ ነው። ተጫዋቾቹ በሜዳ ያላጠፉትን ጥፋት ወረቀት አጠፋው። በብሔራዊ ቡድን ይህ ከደረሰ፥ ጸሐፊ በሌለው የከተማ ቡድን ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ለገጣፎና ጎረቤቶቿ ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ይህን ጉዳይ ከማንም አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል። የለገጣፎ ለገዳዲ ቡድን በ2015 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ ተወዳድሮ በዚያው ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ ወርዷል፤ ከዚያ ቀደም የሰበታ ከተማ ቡድንም በዚሁ ሊግ ተጫውቷል። ቡድን ይወጣል፥ ይወርዳል፤ ያሠለጠነው ልጅ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ከዚህም በላይ እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። ቢሮ ሲዛወርና ማኅተም ሲለወጥ አሮጌ መዝገብ በየሣጥኑ ተረስቶ እንዳይቀር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የለገዳዲ ውኃ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ይለካል፤ ከዚያው አፈር የሚወጣው ልጅ ግን ሳይጻፍ ይሄዳል።

አንዳንድ ሰዎች የኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች ዋጋ አነስተኛ ስለሆነ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ስፖርት ለጤናና ለደስታ እንጂ ለገንዘብ ሊታሰብ አይገባም ብለው ይቃወማሉ። የፊተኞቹ ሐሳብ ከፊል እውነት አለው፤ ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ በነጻ ቢሄድ ይህ ድርሻ አይኖርምና። ነገር ግን የመዝገቡ ወጪ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙም በገንዘብ ብቻ አይለካም። የኋለኞቹም ቢሆኑ መዝገብ ከሁሉ በፊት ልጁን ራሱን እንደሚጠብቅ ሊያስቡ ይገባል። የፊፋ ሕግ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ዕድሜው በልደት ማስረጃ የተረጋገጠ፥ ስሙ በፌዴሬሽን የተመዘገበ ልጅ ለሐሰተኛ ደላላ በቀላሉ አይጋለጥም። ዕድሜው በግምት የሚነገር ልጅ ግን የወላጆቹ ጎጆ ተሽጦ በባዕድ አገር መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ የንግዱ ማኅበረሰብ ድርሻ ምን ይሁን? ነጋዴዎች ለቡድኖች መለያና ኳስ መለገሳቸው የሚመሰገን ነው። ከመለያው ጋር ግን የሙያ እርዳታ ቢጨመርበት ይበልጣል። አንደኛ፥ እያንዳንዱ የንግድ ቤት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ጸሐፊውን ወይም ሒሳብ ያዡን ለአንድ ቡድን ቢያውስ፥ የልጆቹ ስም፥ የልደት ቀንና የገቡበት ቀን በሥርዓት ይያዛል። ሁለተኛ፥ በቤት ደብተር የተጻፈ ብቻ ስለማይበቃ፥ ምዝገባው በየዓመቱ በፌዴሬሽን እንዲጸድቅና ቅጂው በቡድኑ እጅ እንዲቀመጥ መከታተል ያሻል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ይህን ክፍያ የሚያስተላልፍ ልዩ ቤት ስለከፈተ፥ ገንዘቡ የሚከተለው ይህንኑ ምዝገባ ነው። ሦስተኛ፥ ወጣቱ የውጭ አገር ውል ሲቀርብለት፥ ከመፈረሙ በፊት ውል የሚያውቅ ሰው ደመወዙን፥ ዘመኑን፥ ግብሩንና ጉዳት ቢደርስበት የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አንብቦ ያስረዳው። የኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር ነው፤ አንድ የጉልበት ጉዳት ሊፈጽመው ይችላል። ነጋዴ የመጋዘኑን ዕቃ ሳያስመድን እንደማያድር ሁሉ፥ ወጣቱም ያለ ዋስትና ባሕር መሻገር የለበትም።

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ጉዳይ ላይ በትክክል ይሠራል። ከለገጣፎ ወይም ከሱሉልታ ሜዳ ነገ የሚነሣው ልጅ ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቱ ይሆናል። ስሙን በመዝገብ የማስፈሪያው ጊዜ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ሳይሆን አሁን ነው።