ስለ መሪ ክብደት

ርእሱን አይቶ ስለ ሹማምንት የምጽፍ የመሰለው አንባቢ ካለ አስቀድሜ ላሳርፈው፤ የማወራው በሁለት እጃችን ይዘን ስለምናዞረው የመኪና መሪ ነው።

እኔና ባለቤቴ አንዲት አሮጌ የጃፓን መኪና አለችን። ባለፈው ክረምት መሪዋ ሲዞር ታቃስት ጀመር፤ ባቆምናት ሥፍራ ሁሉ ቀላ ያለ ዘይት ጠብ ይል ነበር። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ ጥቂት ዳበሰና ፈረደ፤ የፓወር ስቲሪንጉ ፓምፕ አልቆለታል። ያገለገለው ፓምፕ እንኳ ዋጋው ከወር ደመወዜ የሚያንሰው በጥቂቱ ነበር። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ፣ «ከፈለግህ ወንድሜ፣ ነቅዬ ልጣለውና እንደ ድሮ መኪና በጉልበትህ ንዳት» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ያሸነፈኝ የብሩ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። «እንደ ድሮ መኪና» የምትለዋ ሐረግ ናት። አባቴ ቮልስዋገን ነበረው። ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ሲያስይዘኝ የኮረኮንቹ ንዝረት በመሪው ዘንግ ሽቅብ መጥቶ መዳፌን ሲኮረኩረው እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። በሥራዬም ቢሆን የእጅ ነገር ይገባኛል። ባንክ ስቀጠር ያገኘኋቸው አንጋፋ ገንዘብ ከፋዮች ሐሰተኛውን ኖት በጣታቸው ይለዩት ነበር፤ ዛሬ ማሽኑ ይቆጥራል፣ ማሽኑ ይለያል፣ የእኛ ጣት ግን ቀስ በቀስ ደንቁሯል። እናም በእጄና በመንገዱ መካከል የገባውን ዘይት ማስወገድ አንዳች የጠፋብኝን ነገር የሚመልስልኝ መሰለኝ። ባለቤቴን አላማከርኋትም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ሞተሩ በቺንጋ ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑም ዘይቱን በግፊት ይልካል። መሪውን ስናዞር በዘንጉ ውስጥ ያለች ቀጭን ብረት በጥቂቱ ትጠማዘዛለች፤ በዚያች መጠማዘዝ ልክ ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ፒስተኑን ወደፈለግንበት አቅጣጫ ይገፋዋል። እጃችን ይጠይቃል፣ ጉልበቱን ሞተሩ ይሰጣል። መካኒኩ ቺንጋውን ፈታ፣ ፓምፑን አወጣ፣ ዘይቱን አፈሰሰ፣ ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኘና «ጨርሻለሁ» አለኝ። ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

እሑድ ጠዋት በሽሮ ሜዳ አድርጌ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። መኪና ፈጠን ብላ ስትሄድ መሪ እምብዛም አይከብድም፤ የሚከብደው ስትቆም ወይም ስታዘግም ነው። በየጠመዝማዛው ጎማው አስፋልቱን ሲነክስ፣ እርጥቡን ሥፍራ ሲረግጥ፣ ከጠርዙ ላይ ጠጠር ሲያገኝ ሁሉን በክንዴ ሰማሁት። አልዋሽም፤ ደስታው እውነተኛ ነበር። በዚያው ሳምንት ግጥም ጻፍሁ፤ ወዳጆቻችን በተሰበሰቡበት ምሽትም አነበብሁት። ግጥሙ ምቾትን ይወቅሳል፣ ልፋትን ያወድሳል፤ እንደ እኔ ያለ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ጸሐፊ ወትሮም የሚቀናው ርእስ ነው። ተጨበጨበልኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ቀን ልጃችንን ከትምህርት ቤት ለማምጣት እኔ ሄድሁ። ወትሮ የምትሄደው ባለቤቴ ናት። የበሩ ዘበኛ መኪናዋን አይቶ እየሮጠ መጣና «እትዬ ዛሬ ቀሩ? ይውረዱና ላዙርልዎት፤ ለምጄዋለሁ» አለኝ። ምኑን ነው የለመዱት ብዬ ጠየቅኋቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባለቤቴ በልጅነቷ የግራ አንጓዋ ተሰብሮ ወጌሻ ነው ያሸው፤ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያማታል። በዚያች ጠባብ መንገድ መኪናዋን ለማዞር ስትታገል፣ ከኋላዋ የተደረደሩት ክላክስ ሲያስጮሁባት፣ ዘበኛው ገብተው አዞሩላት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሳቸው ናቸው የሚያዞሩላት። ለእኔ አንድ ቃል አልነገረችኝም። በግጥሜ ምሽት ከፊት ተቀምጣ አጨብጭባ ነበር።

እንግዲህ አስተያየቴን ልናገር። ድሮውንም ያለ አጋዥ የተሠራች መኪናና አጋዧን የተነጠቀች መኪና አንድ አይደሉም። የአባቴ ቮልስዋገን ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ የሚሸከሙትም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣችው የእንግሊዝ ሎተስ ኤሊዝም ያለ ፓወር ስቲሪንግ የተሠራችው ሆን ተብሎ ነው፤ ክብደቷ ግን ከ800 ኪሎ ግራም በታች ነው፣ ሞተሯም ከወንበሩ ጀርባ ነው። የእኔዋ ሞተሯን ከፊት ተሸክማለች። የመሪዋ ጥርስ የተቀመረው ዘይቱ እንደሚያግዘው ታስቦ ነው፤ ስለዚህ በጥቂት ዙር ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል፣ በእያንዳንዱ ዙር ግን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ያች ቀጭን ብረትም መጠማዘዟን አልተወችም፤ በወግ የሚሠራ ሰው በብየዳ ያስራታል፣ የፒስተኑንም ጎማ ያወጣል። እኛ ያንን አላደረግንም። ቤት እየመታ የተገጠመን ግጥም ቤቱን ብቻ ፍቀን ነጻ ግጥም ነው ብንል እንደማለት ነው፤ ስንኙ አሁንም የሌለውን ቤት እየጠበቀ ይንገዳገዳል።

ሌላም ነገር አለ። ይህን እገዛ ከፈጠሩት አንዱ ፍራንሲስ ዴቪስ በፒርስ አሮው ኩባንያ የከባድ መኪኖች መሐንዲስ ነበር። የዘይት መሪውን እ.ኤ.አ. በ1926 ሠርቶ አሳየ፤ ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት መኪና ላይ የወጣው ግን በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ሐሳቡ የተነሣው ከስንፍና አልነበረም፤ የከባድ መኪና ነጂዎች ከመሪው ጋር ሲታገሉ ከማየት ነው። እኔ በግጥሜ «ምቾት» ብዬ የሰደብሁት ነገር ለአንዱ ምቾት ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ግን መኪናውን መንዳት መቻልና አለመቻል ነው። ለብቻው የሚነዳ፣ መኪናውም ቀላል የሆነ ሰው ቢያስወልቀው አልቃወመውም፤ እንዲያውም እቀናበታለሁ። ሁለት ሰው የሚይዘውን መሪ አንዱ ብቻውን ሲያከብደው ግን ሌላውን ከወንበሩ አስነሥቶታል።

ፓምፑን ገዛሁት፤ ከዕቁቤ ተበድሬ። ግጥሙን አልቀደድሁትም፣ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንብቤው አላውቅም።

መኪናዋ ከጋራዥ የወጣች ዕለት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሦስታችን ነበርን። ባለቤቴ መሪውን በቀኝ እጇ ብቻ አዞረችው፤ ግራው ጭኗ ላይ ነበር። ልጃችን ከኋላ ሆና በመስኮቱ አሻግራ አየችና «እማዬ፣ ጋሼን ዛሬ አንጠራቸውም?» ብላ ጠየቀች።