ቀለበት ስለታሰረላት ወፍ

ወፍ ይዞ እግሯ ላይ ቀለበት ማሰር ጭካኔ ነው የሚል ወቀሳ በኪነ ጥበብ ወዳጆች ጨዋታ መካከል ደጋግሞ ይሰማል። ነጻነትን ቁጥር ለጠፉበት ይባላል፤ ጭብጨባም አያጣም። እኔ ግን ይህን አነጋገር ያማረ ስንፍና እለዋለሁ።

እስቲ ድርጊቱን እንመልከተው። ቅዳሜና እሑዳቸውን ለዚህ ሥራ የሰጡ ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ዓይን የማይለየውን ስስ መረብ በምሰሶዎች መካከል ይዘረጋሉ። እየተመላለሱ ያዩታል፤ ዝናብ ከመጣ ወይም ፀሐይ ከበረታ ያጥፉታል። የተያዘችው ወፍ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ትገባለች፤ ጨለማው ያረጋጋታል። ክንፏ ይለካል፤ ትመዘናለች፤ የደረቷን ላባ በትንፋሻቸው ገለጥ አድርገው ለጉዞ ያጠራቀመችውን ስብ ያያሉ። ከዚያ ክብደቱ ከአንድ ግራም እጅግ የሚያንስ የአሉሚኒየም ቀለበት ታስሮላት ትበራለች። መረቡ አንዳንዴ ይጎዳል፤ ይገድላልም። የሰለጠነ እጅ ባለበት ግን ጉዳቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ እሱንም ራሳቸው ይመዘግቡታል።

እኛስ? በግጥማችን «ወፊቱ» የምንላት የትኛዋ ናት? ጨረባ ናት ወይስ ዋኖስ? ምን ትበላለች? ከየት መጣች? አንጠይቅም። ናፍቆታችንን ጭነን እናበራታለን፤ ስንኙ ሲያልቅ እንረሳታለን። (ጫነላት ከተባለ ከቀለበቱ ይልቅ ይህ ይከብዳል።) የዴንማርኩ መምህር ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን እ.ኤ.አ. በ1899 ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበትን ቀለበት ስታርሊንግ ለሚባሉት ወፎች ሲያስር፣ ጥያቄው ስለ ወፍ ሳይሆን ስለዚህችኛዋ ወፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 እንግሊዝ ውስጥ፣ ስታፎርድሺር ላይ ቀለበት የታሰረላት ጨረባ በ1912 መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ተገኘች። አንዲት መዳፍ የማትሞላ ፍጥረት!

ነገሩ የማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የጸደይ ወራት ነጭ ጉሮሮ ያላት አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ ከእንግሊዝ ቁጥቋጦዎች በብዛት ጠፋች፤ ካለፈው ዓመት ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ አልተመለሱም። ምክንያቱ የተገኘው እዚያ አልነበረም። ክረምቱን የምታሳልፍበት ሳሕል ደርቆ ነበር። ረኃብ ምን እንደሆነ የምናውቅ እኛ፣ ወሎን የምናስታውስ እኛ፣ ይህን ዜና ለባዕድ አገር የወፍ ወዳጆች ብቻ እንዴት እንተዋለን?

በቀለበት አሳሪዎቹ ላይ ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ፣ አንገቷ በአፍሪካ ጦር እንደተወጋ የበረረች ሽመላ ተገደለች፤ አውሮፓም ሽመላዎቿ የት እንደሚከርሙ ከዚያ ጦር ተማረች። የጦሩን ባለቤት ግን ማንም አልጠየቀውም። ዛሬም ቀለበቱ ላይ የሚነበበው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ የሩቅ አገር ሙዚየም ነው፤ ፊደሉም ላቲን ነው። ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ወፎች ቀለበት አስሯል፤ ውጤቱን የጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ወቃሾቻችን ቁጣ ከተረፋቸው፣ ቀለበቱን አንሥቶ ማንበብ ስላቃተው እረኛ ይቆጡ።