ስለ አራስ ድመት

የሰው ቸርነት የሚታወቀው ዋጋውን ሊመልስለት ለሚችል ወዳጅ ባደረገው ነገር አይደለም። ለእንዲህ ያለ ወዳጅ መስጠት እንደ ማበደር ነው፤ ዛሬ የሰጠ ነገ ይቀበላልና። እውነተኛው የቸርነት መፈተኛ አንደበት የሌለው፥ ቢበደል ወደ ዳኛ የማይሄድ፥ ቢረዳም ምስጋናውን ለሰው የማይናገር ፍጥረት ነው። ከእንዲህ ያሉትም ፍጥረቶች አንዲቱ በቤት ጥግ የምትወልደው ድመት ናት።

ድመት በሰው ቤት የትናንት እንግዳ አይደለችም። ሰው እህል ዘርቶ ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥ ወደ እህሉ መጣ፤ ድመትም አይጡን ተከትላ መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ሰውና ድመት ጎን ለጎን የተቀበሩበት መቃብር ተገኝቶአል፤ የጥንት ነገር መርማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ መቃብሩ 9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። በኢትዮጵያም ጤፉንና ገብሱን በጎተራ የሚያኖር ገበሬ፥ ዱቄትዋንም በዕንቅብ የምታስቀምጥ ባልቴት የድመትን ጥቅም ያለ አስተማሪ ያውቃሉ። አይጥ በሌሊት ጆንያ ሲቀድ የቤቱ ጌታ ተኝቶአል፤ ድመቲቱ ግን ነቅታለች።

ነገር ግን ይህች የሌሊት ዘበኛ የምትደክምበት ጊዜ አላት። ልጆችዋን ከ63 እስከ 65 ቀን ያህል በሆድዋ ተሸክማ፥ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ወይም አምስት አድርጋ ትወልዳለች። የመውለጃዋም ቀን ሲቀርብ ጸጥ ያለና ጨለም ያለ ስፍራ ትፈልጋለች፤ ከአልጋ ሥር፥ ከቆጥ ላይ ወይም ከጓዳ ጥግ ትገባለች። በዚህ ጊዜ አንዱ በመጥረጊያ መትቶ ያባርራታል፤ ሁለተኛው ልጆችዋን በከረጢት ቋጥሮ ወደ ወንዝ ይጥላቸዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለሕፃናት መጫወቻ አድርጎ ይሰጣቸዋል። ዓመቱን ሙሉ በአገልግሎትዋ ተጠቅሞ በድካምዋ ቀን ፊትን ማዞር ግፍ ነው፤ የሠራተኛን ደመወዝ ከመከልከል አይለይም።

የኢትዮጵያ ሰው አራስን ማክበር ያውቃል። ሴት በወለደች ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ቤቱ ይሞቃል፤ ነፋስ እንዳያገኛትም በሩ ይዘጋል። ድመትም እንስሳ ብትሆን በመጠንዋ የምትሻው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ምግብ፥ ሙቀትና ጸጥታ ነው። ከእነዚህም ከሦስቱ ሁለቱ ምንም ገንዘብ አይጠይቁም። አሮጌ ቅርጫት ወይም ካርቶን፥ የደረቀና ንጹሕ ጨርቅ፥ ነፋስና እርጥበት የማይደርስበት ጥግ ከተገኘ፥ የአራስዋ ቤት ተሠራ ማለት ነው። ጨርቁም በረከሰ ጊዜ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይለወጥላታል።

የድመት ግልገል በተወለደ ቀን ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ብዙ ሰው አያስተውልም። ክብደቱ 100 ግራም ያህል ብቻ ነው። ዓይኑ ተከድኖአል፤ ጆሮውም ተደፍኖአል፤ የእናቱን ጡት የሚያገኘው በማሽተትና በሙቀትዋ ተመርቶ ነው። ዓይኑ የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች የገዛ ሰውነቱን ማሞቅ ስለማይችል፥ ከእናቱና ከወንድሞቹ ከተለየ ፈጥኖ ይበርደዋል። ሽንቱንም እንኳ በራሱ መሽናት አይችልም፤ እናቱ ሆዱንና ከሆዱ በታች ያለውን በምላስዋ ስትልሰው ነው የሚሸናው። እንግዲህ ግልገሉን ከእናቱ የነጠቀ ሰው ወተቱን ብቻ አልነጠቀውም፤ እሳቱንም ልብሱንም ሞግዚቱንም ጭምር ነው የነጠቀው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ግልገሎች ላይ ጉዳት የሚያደርስ የሚጠላቸው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚወዳቸውም ሰው ሳያውቅ ይጐዳቸዋል። ስለዚህ ነገር አንድ ምሳሌ ይነገራል።

በአንድ የገጠር ቤት ወንድምና እኅት ነበሩ። ድመታቸው በማድጋው አጠገብ በአሮጌ ቅርጫት ውስጥ አራት ግልገሎች ወለደች። ልጁም እጅግ ወደዳቸው፤ ከመውደዱም የተነሣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እያነሣ ይስማቸው ነበር። አንድ ቀን ለጓደኞቹ ያሳያቸው ዘንድ በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ሜዳ ወሰዳቸው። እኅቱም፦ «ወንድም ዓለም፥ እናታቸው እየጮኸች ትፈልጋቸዋለች፤ እባክህ መልሳቸው» አለችው። እርሱ ግን፦ «እኔ እኮ እወዳቸዋለሁ፤ ምን አደረግኋቸው?» ብሎ መለሰላት።

በዚያች ሌሊት ድመቲቱ ልጆችዋን አንድ በአንድ በማጅራታቸው በጥርስዋ ይዛ ከቤት አወጣቻቸው፤ በደጅ ባለው በእንጨት ክምር ሥርም ሸሸገቻቸው። ሌሊቱንም ዝናም ዘነመ። በነጋ ጊዜ ሁለቱ ግልገሎች በብርድ ሞተው ተገኙ። ልጁም ይህን አይቶ አለቀሰ። አያቱ እንባውን በነጠላቸው ጠርገው፦ «ልጄ፥ መውደድህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የወደድኸው የገዛ ደስታህን ነው እንጂ የእነርሱን ሕይወት አልነበረም» አሉት። ከዚያም በኋላ ልጁ የተረፉትን ሁለቱን ከነእናታቸው ወደ ቤት መልሶ ቅርጫቱን በደረቅ ጨርቅ አነጠፈ፤ ጓደኞቹም ሲመጡ እርሱ ራሱ በበሩ ቆሞ፦ «አራስ አለች፤ ኋላ ታዩአቸዋላችሁ» ይላቸው ጀመር።

ከዚህ ምሳሌ እንደሚታየው ፍቅር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በእጅ ይዞ የሚያስጨንቅ፥ ሁለተኛው ከሩቅ ቆሞ የሚጠብቅ ነው። ለአራስ ድመት የሚጠቅማት ሁለተኛው ነው። ሰው እጅግ ሲቈጣ «እንደ አራስ ነብር ሆነ» ይባላል፤ ድመትም የነብር ዘመድ ናትና በልጆችዋ ላይ እጁን የሚዘረጋውን ሰው ብትቧጭር ክፋት አይደለም፤ እናትነት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች ከቤቱ ታላላቆች አንዱ በቀን አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ቢያያቸው ይበቃል። የጠገበና የሞቀው ግልገል ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ሳያቋርጥ የሚጮኸው ግን የራበው ወይም የበረደው ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ እናቲቱ ከፈቀደች፥ እጁን የታጠበ ልጅ ለጥቂት ጊዜ በቀስታ ቢዳስሳቸው መልካም ነው፤ ሰውን ይለምዳሉና። እንግዲህ መንካት ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ጊዜውን ማወቅ ግን ይገባል።

ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ጉዳት ያመጣል። አንዳንድ ሰው ለግልገሎቹ አዝኖ የላም ወተት ያጠጣቸዋል፤ የላም ወተት ግን ለጥጃ የተሰጠ ነው፤ ከድመት ወተት ጋር ስለማይተካከል ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል፤ በዚህም ብዙ ግልገል ይሞታል። ግልገሎቹን ለመመገብ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ እናቲቱን መመገብ ነው። እናቲቱ የሞተች እንደ ሆነ ግን ግልገሎቹን አሙቆ የእንስሳት ሐኪምን ምክር መጠየቅ ይገባል።

የምታጠባ ድመት ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ልትበላ ትችላለች። ሥጋ በል ፍጥረት ስለ ሆነች እንጀራና ዳቦ ብቻ አይበቃትም፤ ከሥጋ ቤት የሚተርፍ ሳንባ ወይም ጕበት፥ የተቀቀለም ዕንቍላል ቢሰጣት ትበረታለች። ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነውና ወጥ አይሰጣትም፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀትዋን ሊወጋ ይችላል። ንጹሕ ውኃ ዘወትር በአጠገብዋ ይኑር።

በዚህ ጊዜ፦ «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» የሚል ሰው አይታጣም። እንዲህ የሚለው ሰው የገዛ አገሩን ተረት ረስቶአል፤ «ድመት መንኵሳ አመልዋን አትረሳ» ይባላልና። ምንኵስና እንኳ ያላስተዋትን አመል አንድ ቍራሽ ሳንባ ያስተዋታልን? ድመት አይጥን የምታድነው በረኃብ ብቻ አይደለም፤ የተፈጠረችበት ጠባይ ስለ ሆነ ነው። የተራበች ድመት ግን የድስት ክዳን ትገለብጣለች፤ ወይም ቤቱን ትታ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ንፉግ ባለቤት ምግቡን ሊያተርፍ ሲል ድመቱንም እህሉንም ያጣል።

ሌላውም፦ «ሰው እየተራበ ስለ ድመት ማሰብ ምንድር ነው?» ይል ይሆናል። ነገሩ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ድመቲቱን በእግሩ የሚመታ ሰው በዚያ እግሩ ወደ ድኻ ቤት ሲገሠግሥ አይታይም። ርኅራኄ እንደ ምንጭ ናት፤ ለአንዱ ሲቀዱባት ለሌላው አታልቅም። በቤቱ ጥግ ላለችው ደካማ ማሰብን የተማረ ልጅ፥ በመንገድ የወደቀውንም አይቶ አያልፍም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግልገሎቹ የበዙ እንደ ሆነ ምን ይደረግ? የሚለው ነው። ቤቱ ሁሉን ማኖር ባይችል ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ወደ ወንዝ መጣል ግን መፍትሔው አይደለም። ግልገሎች በሦስተኛው ሳምንት መራመድ ይጀምራሉ፤ በአራተኛው ሳምንት ለስላሳ ምግብ ይቀምሳሉ፤ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸውም ከእናታቸው ሊለዩ ይችላሉ። በእነዚህ ሳምንቶች ውስጥ አይጥ ያስቸገረውን ጎረቤት ፈልጎ ለእያንዳንዱ ግልገል ቤት ማግኘት ይቻላል። ድመት ገና እያጠባች ሳለች እንደ ገና ልታረግዝ ስለምትችል፥ ልጆችዋን ካስጣለች በኋላ እንዳትወልድ የእንስሳት ሐኪም ሊያመክናት ይችላል። ሊያኖሩት ያልፈለጉትን ከመወለዱ በፊት መከልከል፥ ከተወለደ በኋላ ከመጣል ይሻላል።

ርኅራኄ ጥንቃቄንም ይጨምራል። ድመትን የነካ ሰው ምግብ ሳይነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከድመት ኵስ ለፅንስ የሚያሰጋ በሽታ ሊመጣ ስለሚችል፥ ነፍሰ ጡር ሴት ኵስዋን አትጥረግ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ንክሻ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ድመት የነከሰችው ልጅ ነገሩን ሳይሸሽግ ለወላጆቹ ይንገር፤ ቍስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ በዚያኑ ቀንም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ድመቶችን አስቀድሞ ማስከተብም ለእነርሱም ለቤተ ሰቡም ይበጃል።

መጽሐፈ ምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍ ጻድቁን ሰው ከኀጥኡ ሲለይ፥ ለእንስሳው የሚያስብ መሆኑን እንደ ምልክት ይቈጥረዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው በአደባባይ ብዙ ዓይን ስለሚያየው ደግ ሊመስል ይችላል፤ በጓዳው ጥግ ግን የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው። በዚያ ጥግ ስለ አንዲት አራስ ድመት ብሎ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፥ ከማዕዱም የሚያካፍላት፥ ሊነካቸው የሚመኛቸውን ግልገሎች ጊዜያቸው እስኪደርስ የሚታገሥ ልጅ፥ ካደገም በኋላ ደካማ ሰው በእጁ ሲወድቅ አይጨክንም፤ ርኅራኄን በልጅነቱ በቤቱ ተምሮአልና።