ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፦ አዲሱ ፈተናና የጨፋ ልጆች

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ግን የልጆቻችን ጉዳይ ነውና እስከ መጨረሻው እንድታነቡት አደራ እንላለን።

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ በየቤቱ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስልኩ ላይ ቁጥሩ ይታያል፣ ልጁ አንገቱን ይደፋል፣ እናት ትብሰከሰካለች፣ ጎረቤት «ይሄም ወደቀ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ልጁ ወይ ወደ ዓረብ አገር መንገድ ያስባል፣ ወይ ከሚሴ አስፋልት ዳር ባጃጅ ሲጠብቅ ይውላል። ወዳቂው እሱ ነው ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል።

እኛ ይህ ፋይል እንዲህ እንዲዘጋ አንፈልግም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር በግልጽ እናስቀምጥ። ኩረጃን የምንደግፍ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በ2008 ግንቦት የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ የአገሪቱ ፈተና በሙሉ መቋረጡን እናስታውሳለን። ከዚያ በኋላም መልስ በቴሌግራም የሚሸጥበት፣ ፈታኝ የሚደለልበት ዘመን መጣ። ያ ዘመን የጎዳው ማንን ነው? መልስ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለውን የገበሬና የአርብቶ አደር ልጅ ነው። ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ዘመን የ2014ን ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ወስዶ፣ ስልክ ከልክሎ፣ ፈታኝ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ሲፈትን ሥራው ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው እንላለን።

ጥያቄያችን ከዚያ ቀጥሎ ስለመጣው ነው።

የ2014 ተፈታኞች 896,520 ነበሩ። ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፣ 3.2 በመቶ። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፣ 5.4 በመቶ። በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ ተባለና እንደ ድል ተነገረን።

እስቲ ቁጥሩን ረጋ ብለን እንየው። ከ2014 እስከ 2016 ያለፉት ልጆች የጨመሩት በ6,500 ነው። የተፈታኙ ቁጥር ግን ከ221 ሺህ በላይ ቀንሷል። እነዚያ ልጆች የት ገቡ? ከመካከላቸው ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው፣ መንገድ የተቆረጠባቸው፣ ተስፋ ቆርጠው ያቋረጡ ስንት ናቸው? በመቶኛው ከፍ ማለት የሚደሰት ሰው ይህንንም አብሮ መመለስ አለበት።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቁጥር አለ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2016 ደግሞ 1,363። አንድም! አንድ ልጅ ቢወድቅ አልሠራም እንበል። አሥር ልጅ ቢወድቅ ተዘናግተዋል እንበል። አንድ ትምህርት ቤት ያስፈተናቸው በሙሉ ሲወድቁስ? ያኔ የወደቀው ትምህርት ቤቱ ነው። ፈተናው የመዘነው ትምህርት ቤቱን ነው። ውጤቱ የተጻፈው ግን በልጁ ስም ነው። ይህ ነው የሚያንገበግበን።

አሁን ወደ ሸለቋችን እንምጣ። በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጠ አንድ የዳዋ ጨፋ ወይም የአርጡማ ፉርሲ ልጅ እናስብ። ማንም ይሁን፣ ዘመኑን እንቁጠርለት።

7ኛ ክፍል እያለ፣ በመጋቢት 2012፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘጋ። 8ኛ ክፍል እያለ፣ በመጋቢት 2013፣ ከአጣዬ እስከ ዞናችን ወረዳዎች ግጭት ተነሳ፤ ሰው ሞተ፣ ሰው ተፈናቀለ። 9ኛ ክፍል እንደገባ፣ በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ደረሰ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሙሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ፤ እሱ ያኔ ወደ 11ኛ ክፍል ሊያልፍ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ 12ኛ ክፍል ደረሰ። የተቀመጠበት ፈተና ግን ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ተዘግቶ የማያውቅ ልጅ የተቀመጠበት ያው ፈተና ነው።

በዚህ ላይ ቋንቋውን ጨምሩበት። የዞናችን ልጅ በአንደኛ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ ይማራል። ይህ መብቱ ነው፣ ደስም ይለናል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። የመሸጋገሪያ ድልድይ ያስፈልገው የነበረው በዚያ ዓመት ነው። የዚህ ልጅ የመሸጋገሪያ ዓመት ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴ የደረሰበት ዓመት ነበር።

ይህ ሁሉ ሳይስተካከል አሁን ኮምፒውተር መጣ። በ2016 የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተፈተኑ። በ2017 ቁጥሩ ሰፋ። አቅጣጫው ሁሉም በኮምፒውተር እንዲፈተን ነው። ጥቅሙ ይገባናል። ወረቀት ማተም፣ ማጓጓዝ፣ በወታደር ማስጠበቅ ይቀራል፣ ስርቆትም ይቀንሳል። ግን ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ያደገ ልጅ፣ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው የሕይወቱ ወሳኝ ፈተና ላይ ይሁን? የከተማው ልጅ ጥያቄውን ሲያስብ የእኛው ልጅ «ቀጥሎ» የሚለው የት እንዳለ ይፈልጋል። ሰዓቱ ለሁለቱም እኩል ይቆጥራል። ይህን እኩልነት የሚሉት ካሉ እኛ አይደለንም።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። የጨፋ ሰው ይህን ተረት ማስተርጎም አያስፈልገውም። ከብቱን ቦርከና ዳር ሳያውል ወተት የሚጠይቅ እረኛ የለንም። ሚዛኑን በየዓመቱ ስላሳመርነው በሬው አይደልብም።

«ሌላውም ዓለም በኮምፒውተር ነው የሚፈትነው» ይሉናል። እውነት ነው። ናይጄሪያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋን በኮምፒውተር መስጠት ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል። ሆኖም በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2017 በሥርዓቱ ላይ ስህተት ተፈጥሮ በሌጎስና በደቡብ ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል ወደ 380 ሺህ የሚጠጉ ተፈታኞች እንደገና እንዲፈተኑ ሆነ። የፈተና ድርጅቱ ኃላፊ ፕሮፌሰር ኢስሐቅ ኦሎዬዴ በካሜራ ፊት አልቅሰው ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አሥር ዓመት የለመደ አገር እንኳ ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ስህተቱ የሥርዓቱ ሲሆን ኃላፊው ሸክሙን ተሸከመ፤ ልጆቹ ላይ አልጣለውም። እኛም ከኃላፊዎቻችን የምንፈልገው ይህን ነው።

«ታዲያ ፈተናው ይቅለል ትላላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። አንልም! ማለፊያው ዝቅ ቢል የሚታለለው የእኛው ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እዚያ ይወድቃል። የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በር ላይ እየጠበቀው ነው። «ሪሚዲያል አለ አይደል?» የሚሉም አሉ። ሪሚዲያል ጥሩ ነው፤ ግን አራት ዓመት የተበላሸን በጥቂት ወራት አይጠግንም፣ ሁሉንም ወዳቂም አይቀበልም። መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ከፈተናው በፊት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ማንም ልጅ በትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ኮምፒውተር ላይ ሳይለማመድ በኮምፒውተር አይፈተን። እስከዚያ ወረቀቱ ይቆይለት።

ሁለተኛ፣ ውጤት ሲገለጽ የልጆች ቁጥር ብቻ አይገለጽ። ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ስንት ቀን ተከፈተ? ስንት የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ነበረው? መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ ደረሰ? ይህ ከውጤቱ ጎን ይጻፍ። ያኔ ማን እንደወደቀ ሁሉም ያያል።

ሦስተኛ፣ ግጭት ትምህርት ባቋረጠባቸው ወረዳዎች ማካካሻው ከ12ኛ ክፍል ፈተና በፊት፣ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ይሰጥ።

አራተኛ፣ ከአፋን ኦሮሞ ወደ እንግሊዝኛ ለሚሻገሩ ልጆች በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የታሰበበት የእንግሊዝኛ ዝግጅት ይኑር፣ መምህሩም ይሠልጥንበት።

እነዚህ ከሰማይ የራቁ ጥያቄዎች አይደሉም። መጠየቅ ዋጋ እንዳለውም አይተናል። በ2008 የተቋረጠው ፈተና ተለዋጭ ቀን ከዒድ አልፈጥር ጋር ሲጋጭ ሙስሊሙ ቅሬታውን አሰማ፣ ቀኑም ወደ ሐምሌ 4 ተገፋ። በሰላም ተጠየቀ፣ ተሰማም። ለአንድ ቀን የሠራ ድምፅ ለአንድ ትውልድ ለምን አይሠራም?

የራሳችንም ድርሻ አለ። አባቶችና እናቶች፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ «ሥራ አለብኝ» አንበል፤ ገብተን የመምህሩን ቁጥር እንጠይቅ። በዓረብ አገርና በሌላም ስደት ያላችሁ ልጆቻችን፣ በየበዓሉ ከምትልኩት ጥቂቱን አዋጥታችሁ ለአንድ ትምህርት ቤት የፀሐይ ኃይልና አሥር ኮምፒውተር ብትገዙ፣ እየተፈራረቁ የሚለማመዱበት ስንት ልጅ ነው! ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወጣቶች ክረምቱን ከሚሴ፣ ሰንበቴ፣ ባቲ ስትመጡ ታናናሾቻችሁን እንግሊዝኛና ሒሳብ አስጠኗቸው። ይህ ሰደቀቱን ጃሪያ ነው። ግን አደራ፣ የእኛ መዋጮ የመንግሥትን ግዴታ አያወርድም። ግብር እየከፈልን ነው፤ ትምህርት ቤቱ የእኛ ገንዘብ ነው።

ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀን በሁለት ሚዛን ስለሚሠራ ሰው ነው፤ ከሌላው ሙሉውን እየተቀበለ፣ ለሌላው ሲሰጥ ግን የሚያጎድል። ለገበያ ነጋዴ ብቻ የወረደ አድርገን አናንብበው። ከልጅ ሙሉ ውጤት የሚጠይቅ፣ ለልጅ ግን ጎዶሎ ትምህርት የሚሰጥ ሥርዓትም ራሱን በዚህ ሚዛን ይመርምር።

ውጤት መጥቶላችሁ ያዘናችሁ ልጆቻችን፣ ያ ቁጥር የአእምሯችሁ ልክ አይደለም። በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ 12ኛ ክፍል መድረሳችሁ ራሱ ጽናታችሁን ይናገራል። እንደገና ተዘጋጁ፤ እኛም ጥያቄውን ይዘን ከኋላችሁ አለን።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፣ ለሸለቋችንም ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። ጽሑፉን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለመምህራንና ለወላጆች አድርሱልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።