ሥልጠና ለሥራ ነው ወይስ ለወንበር?

በየዩኒቨርሲቲው ሥልጠና የሚለው ቃል እንደ ዛሬ የበዛበት ጊዜ ያለ አይመስለንም፡፡ ዕቅድ ሲወጣ ሥልጠና ይገባበታል፤ ሪፖርት ሲጻፍ የሠለጠኑት ሰዎች ቁጥር ከፊት ይሰለፋል፡፡ እኛ ግን በመዝገብ ቤት ተቀምጠን የጥሪውን ደብዳቤ የምንቀበልና የምንመራ ሰዎች ስለሆንን፣ ደብዳቤው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ከማን እጅ እንደሚወድቅ በዓይናችን እናያለን፡፡ ስላየንም ዝም ማለት ከበደን፡፡

በብዙ ኃላፊዎች ልብ ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ አሳብ አለ፡፡ ይኸውም ሥልጠና የሚገባው ለመምህርና ለተመራማሪ ብቻ ነው፤ ላቦራቶሪ የሚጠብቀው፣ መጻሕፍት የሚያደራጀው፣ የተማሪ ውጤት የሚመዘግበው ሠራተኛ ትእዛዝ ከሰማ ይበቃዋል የሚል ነው፡፡ ይህን አሳብ አጥብቀን እንቃወማለን፡፡ እነዚህ ሰዎች ከታችኛው ወንበር ስለ ተቀመጡ ቀንተው ነው የሚለን ቢኖር፣ ጥቂት ይታገሠንና ነገሩን ይስማ፡፡

አሳቡ ያለ ምክንያት አልተወለደም፡፡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር የመሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፡፡ በነርሱ ቦታ ኢትዮጵያዊ ለመተካት ወጣቶችን ባሕር ማዶ ልኮ ማስተማር ግድ ሆነ፤ ደግ ሥራም ነበር፡፡ ስሕተቱ የመጣው በኋላ ነው፡፡ ሥልጠና ማለት አውሮፕላን መሳፈር፣ ዲግሪ ማለት የሥልጠና መጨረሻ መሰለን፤ ሊቁ ሲመለስ ከጎኑ ቆሞ የሚሠራውን ሰው ማን ያሠለጥነዋል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው፡፡

ስሙን የማንጠራው አንድ የትምህርት ክፍል አለ፡፡ በዚያ 19 ዓመት ያገለገለ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ወንድማችን ሥራውን የለመደው ከቀደሙት ሰዎች ትከሻ ላይ አሻግሮ በማየት ነው፡፡ አንድ ጊዜ ከውጭ አገር በእርዳታ ውድ የመመርመሪያ መሣሪያ መጣ፤ ከአምራቹም የሁለት ሳምንት ሥልጠና ጥሪ ተከተለ፡፡ ደብዳቤውን የመዘገብነው እኛው ነን፤ «መሣሪያውን በእጁ የሚያሠራው ሰው ይላክ» የሚል ነበር፡፡ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲወርድ የተጻፈበት ስም የኃላፊው ሆኖ ተገኘ፡፡ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ የምስክር ወረቀቱም ከቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፡፡ ጥቂት ወራት እንዳለፈ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መሣሪያው ቆመ፡፡ ወንድማችን ምን ላድርግ ብሎ ቢጠይቅ፣ መመሪያውን አንብብ ተባለ፡፡ ዛሬ መሣሪያው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ የማስተርስ ተማሪዎችም ናሙናቸውን በካርቶን ይዘው ወደ ሌላ ተቋም እየሄዱ ከኪሳቸው ከፍለው ያስመረምራሉ፡፡ ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለሠራተኛ ልቅሶ ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው ናቸው፡፡ ነገር ግን ጥሪው የማዕርግ ስጦታ እንጂ የሥራ ትእዛዝ መስሎ አልታያቸውም፡፡

ሥልጠና ከሥራ ጋር ሲጋባ ምን እንደሚወልድ ማየት የሚወድ፣ አራት ኪሎ ወደሚገኘው የዕፀዋት ቤተ መዘክር ጎራ ይበል፡፡ የኢትዮጵያ ዕፀዋት ጥናት ፕሮጀክት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ሲጀመር ዓላማው የአገሪቱን ዕፀዋት መዝግቦ ማሳተም፣ ቤተ መዘክሩን ማሳደግና ኢትዮጵያውያን የዕፀዋት ሊቃውንትን ማሠልጠን ነበር፡፡ ሦስቱ አልተነጣጠሉም፡፡ በመጀመሪያ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ በመጨረሻም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መሩት፤ ከስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም ጋር ተረዳድተው 8 ቅጾችን እስከ 2009 በዚያው አቆጣጠር አሳትመው ፈጸሙ፡፡ የሠለጠነው ሰው የሠለጠነበትን ነገር ይሠራ ነበር ማለት ነው፡፡ ለመሆኑ ቅጠሉን በጋዜጣ መካከል አድርጎ የሚያደርቅ፣ በወረቀት ላይ የሚሰፋ፣ የተገኘበትን ስፍራ ሳይሳሳት የሚጽፍ የሠለጠነ እጅ ባይኖር ሊቁ ከምን ላይ ተነሥቶ ሊጽፍ ይችላል?

«ብናሠለጥነው ጥሎን ይሄዳል» የሚል መልስ ሁልጊዜ እንሰማለን፡፡ ይህ ክርክር ከሁሉ ይልቅ ያስገርመናል፡፡ ዋስ ጠርቶ፣ ውል ፈርሞ፣ ለዶክተርነት ባሕር ማዶ ሄዶ የቀረው ማን ነው? ያ ቴክኒሽያን ነውን? የሠራተኛው ቤቱም ዕድሩም እዚሁ ነው፤ መሄጃው ሩቅ ቢሆን እስከ ጎረቤት መሥሪያ ቤት ነው፡፡ ደግሞስ ሳይሠለጥን 19 ዓመት የሚቀመጥ ሰው ለተቋሙ የሚያተርፈው ምንድር ነው?

በዓመቱ መጨረሻ በቀረ በጀት አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ስለሚደረገው የሦስት ቀን ሥልጠና ብዙ አንናገርም፤ አንባቢ ያውቀዋል፡፡ የግቢው አዳራሽ ባዶውን ቆሞ ሳለ ሰው በአውቶቡስ ተጭኖ የሚሄደው ለውሎ አበል መሆኑን አሠልጣኙም ሠልጣኙም ደብቀውት አያውቁም፡፡ ደመወዝ አልበቃ ያለውን ሰው ስለ አበሉ አንወቅሰውም፤ አበልን ሥልጠና ብሎ በሪፖርት መጻፉን ግን እንወቅሳለን፡፡

መምህሩም ቢሆን በዚህ አሠራር አልተጠቀመም፡፡ ተማሪ ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው ተብሎ የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር በ1996 ዓ.ም. ለመምህራን ሲጀመር፣ ዶክተር የሆነ ሰው እንዴት ተመልሶ ተማሪ ይሆናል ብለው ያኮረፉ ነበሩ፡፡ ጥናቱን የጨረሰ ሁሉ ጥናት መምራትን፣ የገንዘብ ጥያቄ መጻፍን፣ ወጣት ተመራማሪን ማረምን አብሮ እንደ ተማረ ይቆጠራል፡፡ አልተማረም፡፡ ያላስተማርነውንም በየዓመቱ እንጠይቀዋለን፡፡

የምንለምነው ብዙ አይደለም፡፡ የሥልጠና ጥሪ በገባበት ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ መሣሪያውን የሚነካ፣ መዝገቡን የሚጽፍ ሰው ይሂድ፡፡ የሄደውም ሲመለስ፣ ያለ ሻይና ያለ አበል፣ በራሱ ክፍል ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ለባልደረቦቹ ያየውን ያሳይ፡፡ ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የአንድ ኃላፊ ፊርማ ይበቃል፡፡

ይህን በምንጽፍበት ሳምንት ለላቦራቶሪ ሠራተኞች የመጣ ሌላ የጥሪ ደብዳቤ መዝግበን ወደ ላይ መርተናል፡፡ ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው፡፡ እስከ ዛሬ ረቡዕ ማታ ድረስ አልወረደም፡፡