ቀልበ ቢስ የሚባለው ብሩህ ልጅ

የሒሳቡን መልስ ወረቀት ሳይነካ በቃሉ የሚነግራችሁ፥ ደብተሩን ግን የት እንደ ጣለው የማያውቅ ልጅ አላጋጠማችሁምን? የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ ሲገጥም ግማሽ ቀን ይቀመጣል፤ ጨው ግዛ ተብሎ ሱቅ ሲላክ ግን ትእዛዙን ረስቶ ኳስ ሲጫወት ይገኛል። እናቱ «ሆን ብሎ ነው» ትላለች፤ አባቱ ቀበቶውን ይፈታል፤ እኛ አስተማሪዎችም በካርዱ ላይ «ቢጥር ይችል ነበር» ብለን እንጽፋለን።

ነገሩ ግን በሐኪሞች ዘንድ ከታወቀ ቈይቷል። ጆርጅ ስቲል የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በሎንዶን ባደረገው ንግግር፥ የማሰብ ችሎታቸው ሳይጐድል ራሳቸውን መግታት ስላቃታቸው ልጆች ተናግሮ ነበር። ዛሬ ይህ ችግር ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይባላል። በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ስለ ሆነ፥ የስድ አስተዳደግ ፍሬ ነው ማለት ስሕተት ነው። ልጁ የወደደውን ሲሠራ ቀልቡ አይበተንም፤ የሚቸግረው ቀልቡን ወደ ታዘዘው ሥራ ማዞር ነው።

ልጁ ብሩህ ሲሆን ችግሩ ይደበቃል። በታችኞቹ ክፍሎች ሳያጠና ያልፋል። ሥራው ሲበዛና ዕቅድ ሲጠይቅ በድንገት ይወድቃል፤ ያን ጊዜም ሰነፈ ይባላል። ሴቶች ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይቀዠቀዡ በዝምታ በመስኮት ስለሚያዩ ማንም ልብ አይላቸውም።

የሆነ ሆኖ ቀልቡ የሸሸ ብሩህ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ትምህርቱ ቀሎት የሰለቸውም እንደዚሁ ይሆናል። ችግሩ ከ12 ዓመቱ በፊት ጀምሮ፥ በቤትም በትምህርት ቤትም ከታየና ከ6 ወር በላይ ከቈየ፥ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። መድኀኒት ቢያስፈልግ የሚታዘዘውም በሐኪም ብቻ ነው።

እስከዚያው ግን እጃችሁ ባዶ አይደለም። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ አትዘዙት፤ አንዱን ሲፈጽም ሁለተኛውን ንገሩት። ጥናቱን ከፋፍላችሁ በመካከሉ ተነሥቶ ይንቀሳቀስ። አስተማሪም ከመስኮቱ አርቆ ከፊት ያስቀምጠው፤ ሰሌዳ ያስጠፋው፤ ጠመኔ ያስመጣው። መልካም ሲሠራ ምስጋናው ወዲያው ይድረሰው። ደብተሩ ስለ ቈሸሸ ከባዱን ሒሳብ አትከልክሉት፤ አእምሮው የሚነቃው በእርሱ ነውና።

ዱላ የተበተነ ቀልብ ሲሰበስብ አልታየም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰነፍ ሲባል ያደገ ልጅ ግን በመጨረሻ ስሙን አምኖ ይቀበላል፤ ያን እምነት ከልቡ ማውጣት ሒሳብ ከማስተማር ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ካርዱ ሲመጣ ከቀበቶው በፊት አስተማሪውን ጠይቁ።