የኔትወርክ ምርጫም ምርጫ ነው



ስለ መሬት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ፍትሕ ያለንን አቋም በዚህ የምርጫ ሰነድ ሌሎች ክፍሎች አስፍረናል። ስለ ሞባይል ስልክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ማውጣታችን አንዳንዶችን ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ በከተማ ውስጥ ስልክ ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል። ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ የሚቀበለው፣ የታክሲ ሾፌሩ ተሳፋሪ የሚያገኘው፣ ሥራ ፈላጊው ማስታወቂያ የሚያነበው፣ እናት ዓረብ አገር ያለች ልጇን ድምፅ የምትሰማው በስልክ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቆመው ወሬ ብቻ አይደለም፤ ሥራና ገበያም አብሮ ይቆማል።

በየከተማው ሁለት ሲም ካርድ ይዞ የሚዞረውን ሰው ብዛት ሁላችንም እናያለን። አንዱ በ09፣ ሌላው በ07 ይጀምራል። አንዱ ለቤት፣ ሌላው ለሥራ ቦታ ይሆናል፤ ወይም አንዱ ለመደወያ፣ ሌላው ለኢንተርኔት። ብዙው ሰው ይህን የሚያደርገው ተርፎት አይደለም። በአንዱ ላይ ሙሉ እምነት መጣል ስላልቻለ ለሁለት ጥቅል ይከፍላል እንጂ።

የፓርቲያችን አቋም ግልጽ ነው። ሁለት ኩባንያ ስላለ ብቻ ምርጫ አለ ማለት አይቻልም። ምርጫ አለ የሚባለው ዜጋው ከመምረጡ በፊት በእውነተኛ መረጃ ማወዳደር ሲችል፣ ከመረጠ በኋላም ካልተስማማው ያለ ቅጣት ለቅቆ መሄድ ሲችል ነው። ይህ ለፓርቲ እንደሚሠራ ሁሉ ለቴሌም ይሠራል።

ከአንድ ወደ ሁለት

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሎቱ በመንግሥት እጅ ብቻ ቆይቷል። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ በኋላ ለዓመታት ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ ወረፋና ደጅ ጥናት ይጠይቅ ነበር። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። በ2005 ዓ.ም. ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማስፋፊያ ውል ተፈረመ። በ2007 ዓ.ም. የ4ጂ አገልግሎት በአዲስ አበባ ተጀመረ። ኔትወርኩ ሰፍቷል፤ ይህን አንክድም።

ዋጋው የቀነሰው ግን መቼ ነው? በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት የቴሌኮም ዘርፉን በከፊል ለግል ባለሀብት እንደሚከፍት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሞባይል ጥሪ ታሪፍ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ በ43 በመቶ ተቀነሰ። ተፎካካሪ ገና ሳይመጣ ይመጣል መባሉ ብቻ ዋጋ ካወረደ፣ ሕዝቡ ቀደም ሲል ምን ያህል ትርፍ ሲከፍል እንደኖረ መገመት አያዳግትም።

ከዚያም የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ኩባንያው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ጀመረ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የከተማው ነዋሪ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ቻለ። ጥያቄውን ለመመለስ የሚያስፈልገው መረጃ ግን በእጁ አልገባም።

«ሽፋን አለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው፣ በማስታወቂያ ላይ ያለው ኔትወርክና በጓዳችን ያለው ኔትወርክ አንድ አይደለም። ለዚህም ምክንያት አለው።

አንደኛ፣ የሽፋን ቁጥር ብዙውን ጊዜ በሕዝብ ብዛት ይሰላል እንጂ በመሬት ስፋት አይደለም። ሕዝባችን በደጋውና በከተሞች ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚኖር ከአገሪቱ መሬት ጥቂቱን የሸፈነ ኩባንያ ትልቅ መቶኛ ሊጠራ ይችላል። ከከተማ ወደ ከተማ በአውቶቡስ የሚጓዝ ነጋዴ ግን መንገዱ ላይ ይቆረጥበታል። ሽፋኑ የየትኛው ትውልድ እንደሆነም መጠየቅ አለበት። 2ጂ ለጥሪና ለአጭር መልእክት ይበቃል፤ ዛሬ ለለመድነው የቪዲዮ ጥሪ ግን አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ደጅ ላይ ያለው ሽፋን ቤት ውስጥ ካለው ይለያል። ዝቅተኛው የሬዲዮ ሞገድ፣ ለምሳሌ 800 እና 900 ሜጋኸርዝ፣ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል። ከፍተኛው ሞገድ፣ ለምሳሌ 1800 ወይም 2100 ሜጋኸርዝ፣ ብዙ ዳታ ለመሸከም ይመቻል፤ በኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ፊት ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ በረንዳ ላይ አራት መስመር የሚያሳይ ስልክ መኝታ ቤት ሲገባ ኔትወርክ ቢያጣ ሁልጊዜ ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ፍጥነት በ«እስከ» ይነገራል። «በሰከንድ እስከ ይህን ያህል» የሚለው ቃል ጣሪያውን እንጂ ወለሉን አይነግረንም። የአንድ አንቴና አቅም በዙሪያው ላሉት ተጠቃሚዎች ሁሉ ይከፋፈላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚፈስሰው ኢንተርኔት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ሲገባ ይንጠባጠባል። አንቴናውን ከዋናው መስመር የሚያገናኘው ፋይበር ከሌለ ወይም ከጠበበም እንዲሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የአንቴናው ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለውጥ ያመጣል።

መለኪያውም ብዙ ሰው ያሳስታል። ኩባንያዎች ፍጥነትን በሜጋቢት ይናገራሉ፤ ጥቅሉን ግን በሜጋባይት ይሸጣሉ። አንድ ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚሄድ ኔትወርክ 300 ሜጋባይት የሆነ ፋይል በ5 ደቂቃ ያወርዳል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ ግን ያው ፋይል 40 ደቂቃ ይፈጃል። የቀን ጥቅል ገዝቶ ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ሳይጠቀምበት ጊዜው ያለቀበት ደንበኛ የከፈለው ላላገኘው አገልግሎት ነው።

መውጫው በር

አወዳድሮ የተሻለውን ያወቀ ሰው እንኳ መሸጋገር ይከብደዋል። ሁለተኛው ኩባንያ ሥራ ሲጀምር ደንበኛው አዲስ የ07 ቁጥር መያዝ ነበረበት። የሱቁ ታፔላ ላይ፣ የደንበኞቹ ስልክ ውስጥ፣ የባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ግን የቆየው ቁጥሩ ነው። ቁጥር መቀየር ማለት የባንክ ቅርንጫፍ ሄዶ መሰለፍ፣ የማረጋገጫ መልእክት የሚላክበትን ማስቀየር፣ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ማሳወቅ ነው። ስለዚህ ሰው የማይወደውንም ኔትወርክ ሳይለቅ ሌላ ይጨምራል። ሁለት ሲም የመያዝ ልማዳችን አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ቁጥርን ይዞ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ መሸጋገር በአፍሪካ አዲስ ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኬንያና ጋና በ2011፣ ናይጄሪያ በ2013 ጀምረውታል። ከኬንያ ግን ሌላም ትምህርት አለ። በዚያ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ቢፈቀድም ቁጥሩን ያዛወረው ሰው ጥቂት ነበር። ገንዘቡ ኤም-ፔሳ ውስጥ፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በሳፋሪኮም እጅ ነበርና። እዚህ አዲስ ገቢ የሆነው ኩባንያ እዚያ ገበያውን የያዘ ትልቁ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን የየትኛውም ኩባንያ ጠበቃ የመሆን ጉዳይ አይደለም። ትልቅ የሆነ ሁሉ በሩን መዝጋት ይፈልጋል፤ በሩን ክፍት የሚያደርገው ሕግ ነው።

በእኛም አገር ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኤም-ፔሳ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ተፎካካሪ የቴሌኮም ኩባንያ በገንዘብ ዝውውሩ እንዳይገባ ተደርጎ ቆየ። በዚያን ጊዜ ሲሙን መተው ለብዙ ነጋዴ የገንዘብ ቦርሳውን እንደ መተው ነበር።

ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ሲሆን

ኢትዮ ቴሌኮም በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በኩል በመንግሥት ሥር ያለ ድርጅት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻው ለሕዝብ ሽያጭ ሲቀርብም ቀሪው 90 በመቶ በመንግሥት እጅ እንዲቆይ ተደርጎ ነው። ደንቡን የሚያወጣው፣ ተቆጣጣሪውን የሚሾመው፣ ከትርፉ የሚካፈለው ያው መንግሥት ነው። ዳኛው ከተጫዋቾቹ የአንዱን ማሊያ ለብሶ ሜዳ ከገባ ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ማን ያምነዋል?

ከሁሉ የከፋው ግን መዝጋቱ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የአጭር መልእክት አገልግሎት ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ አልተከፈተም። ያ ያለፈ ሥርዓት ታሪክ ነው ብንል፣ በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘግቷል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ አብዛኛው ሕዝብ ለሁለት ዓመት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ኖሯል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች ታግደዋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የትኛው ኩባንያ ይፈጥናል ብሎ መጠየቅ ትርጉም ያጣል። በትእዛዝ የተዘጋን ኔትወርክ ሲም በመቀየር መክፈት አይቻልም።

እስከዚያው ድረስ

ሕግ እስኪስተካከል ዜጋው ራሱን እንዲከላከል የሚከተለውን እንመክራለን። የቆየውን ቁጥር ከመተዋችሁ በፊት የሌላውን ሲም ጨምራችሁ ለጥቂት ቀናት ፈትኑ። በአንድ ዓይነት ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለኩ። መስኮት አጠገብ ብቻ ሳይሆን ጓዳ ውስጥም ሞክሩ። ከማውረድ ፍጥነቱ ሌላ የመላኩን ፍጥነት እዩ፤ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ፊታችሁ የሚደርሰው በእሱ ነውና። ስልካችሁ የኩባንያውን የ4ጂ ሞገድ መቀበሉን አረጋግጡ። መብራት በጠፋበት ሰዓትም አንድ ጊዜ ሞክሩት። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ደቂቃ ወደ ሌላው ኩባንያ ቁጥር ይሠራ እንደሆነም ሳትጠይቁ አትግዙ። የጎረቤት ምስክርነት ከማስታወቂያ ይሻላል።

ብትመርጡን የምናደርገው

1. እያንዳንዱ ኩባንያ በየከተማውና በየወረዳው ያለውን ሽፋን በ2ጂ፣ በ3ጂና በ4ጂ ለይቶ፣ እንዲሁም ሰው በሚበዛበት ሰዓት የተለካ ፍጥነቱን በየሦስት ወሩ ለሕዝብ እንዲያወጣ በሕግ እናስገድዳለን። ልኬቱን ኩባንያው ራሱ ሳይሆን ገለልተኛ አካል ያረጋግጣል።

2. የስልክ ቁጥር የደንበኛው መሆኑን በሕግ እናጸናለን። ቁጥር ይዞ መሸጋገር ያለ ክፍያና በአንድ ቀን ውስጥ የሚያልቅ እንዲሆን እናደርጋለን።

3. ከየትኛውም የሞባይል ገንዘብ ወደ የትኛውም፣ እንዲሁም ወደ ባንክ፣ ያለ ተጨማሪ ቅጣት መላክ እንዲቻል እናደርጋለን።

4. አንቴናና ፋይበር ኩባንያዎች በተመጣጣኝ ኪራይ እንዲጋሩ እናደርጋለን። በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ምሰሶ ተተክሎ ቀጣዩ ወረዳ ባዶ እንዳይቀር።

5. የተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የሥራ ኃላፊዎች ሹመት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ክርክር እንዲጸድቅ፣ ሪፖርቱም በግልጽ ስብሰባ እንዲቀርብ እናደርጋለን።

6. ኢንተርኔትና ስልክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይዘጋ ሕግ እናወጣለን። ትእዛዙም የጊዜ ገደብ ይኖረዋል፤ ምክንያቱም ለሕዝብ ይገለጻል።

የተከበራችሁ መራጮች፣ ሁለት ኩባንያዎች ፊት ለፊታችሁ ቆመው የትኛው እንደሚሻል እንዳታውቁ፣ ብታውቁም እንዳትለቁ ከተደረጋችሁ የተሰጣችሁ ምርጫ የስም ነው። በምርጫ ካርዳችሁም ላይ ያው ሊደርስባችሁ ይችላል። የሚወዳደሩትን አስተያይታችሁ ምረጡ፤ ቃሉን የማይጠብቀውን ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አውርዱት፤ እኛንም ጨምሮ። የምንጠይቃችሁ ድምፅ በዚህ መለኪያ የተመዘነ ድምፅ ነው።